ገለባ ያለበስኩት ድንች በውርጭ ተመታ፤ ምንም ያላለበሰችው ጎረቤቴ ተረፈላት። ለምን?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከቤቴ ጀርባ ያለችውን ጓሮ ያቀናቻት እናቴ ናት፤ ጎመኑም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ድንቹም ከእሷ እጅ ይወጣ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ አፈሩ ደከመብኝ። ዶማ ሲያርፍበት ይነጥራል፤ ውሃ ሳፈስበት ሳይጠጣ ላዩን አጥቦ ይሄዳል። እሷ ምን ምን ታደርግለት እንደነበር በጊዜው አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዘንድሮ ጉዝጓዝ ለመሞከር ወሰንኩ። ጉዝጓዝ ስል ለቡና የሚነሰነሰውን ሣር ማለቴ አይደለም፤ አፈር ፀሐይና ዝናብ እንዳይመታው ገለባ፣ ሣር ወይም ቅጠል ማልበስን ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ሸክም የገብስ ገለባ ገዝቼ በድንቹና በነጭ ሽንኩርቱ መደብ ላይ አራት ጣት ያህል አነጠፍኩ። ጥቅምት ላይ እጄን ከገለባው ሥር ስሰድ አፈሩ እርጥብና ለስላሳ ሆኖ አገኘሁት፤ ዓመታት ያላየሁት የመሬት ትል መጥቶበታል። ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስም ሳይኖር አደረ። ጠዋት ስወጣ ገለባው ላይ አመዳይ እንደ ጨው ነጭ ብሎ ተነስንሷል፤ የድንቹ ቅጠል ከፈላ ውሃ እንደወጣ ጎመን ጠቁሮ ተለጥፏል። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ በዚያው ሳምንት ያንኑ ዘር ነበር የተከለችው። መሬቷ ባዶ ነው፤ ከውርጩ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት አጠጥታው ነበር። የእሷ ድንች ጫፍ ጫፉ ብቻ ነው የተለበለበው። የኔ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ እዚያው ገለባ ውስጥ ቆሞ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የገለባው ነው? ላንሳው ወይስ ልተወው? ብዬ እዚህ መድረክ ላይ ጠየቅኩ።

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ ስለበዛና መሐል ላይም ስለተጋጋለ፣ ዘግይቶ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በየቁጥሩ ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ።

1ኛ። ከጫጫ የጻፈ ወንድም ገለባውን ከመክሰሴ በፊት የመሬቱን አቀማመጥ እንዳይ መከረኝ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ እንደሚፈስ፣ ካብ ወይም ግንብ ካገተውም እዚያው እንደሚተኛ አስረዳኝ። ሄጄ አየሁ፤ እውነትም ከድንቹ መደብ ግርጌ የድንጋይ ካብ አለ። የጎረቤቴ ወገን ግን የጭራሮ አጥር ነው፤ አየሩ በመሐሉ ያልፋል። ግማሹን መልስ ከመጀመሪያው ሰው አገኘሁ ማለት ነው።

2ኛ። ገለባውን አንስቼ እንዳቃጥል በአንድ መስመር አዘዘኝ። ምክንያት አልሰጠም፤ እኔም አልተከተልኩትም።

3ኛ። ነገሩን የፈታልኝ ይህኛው ነው። ጸሐፊው ለብዙ ዓመት በገጠር የልማት ሠራተኛ እንደነበረ ገልጿል። አፈር ቀን ከፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይለቃል፤ ቅጠሉን ከውርጭ የሚያስጥለውም ይህ ከሥሩ የሚወጣው ሙቀት ነው። ገለባ መሐል ሲገባ ቀን ፀሐዩን ከአፈሩ ይከለክላል፣ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። አፈሩ ጋቢ ለብሶ ቅጠሉ ከጋቢው ውጭ ብርድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የጎረቤቴ መሬት ባዶ ከመሆኑም ሌላ ውሃ የጠጣ ነበር፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ብዙ ሙቀት ይይዛል። ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ በተፈጥሮው ውርጭ ስለሚችል ገለባው አልጎዳውም፤ ድንች ግን አይችልም። ስለዚህ ገለባው ክፉ ነገር ሆኖ ሳይሆን፣ ውርጭ በሚጥልበት ወር ውርጭ በማይችል ተክል ሥር መነጠፉ ነው ስህተቱ ብሎ ደመደመ። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለብርድ አገር የሚሆን ምክርና ለሙቅ አገር የሚሆን ምክር በአንድ አፍ ሲነገር ስሰማ ነው የኖርኩት፤ ማንም እንዲህ ለይቶ ነግሮኝ አያውቅም።

4ኛ። ከሸዋ ሮቢት የመጣ መልስ ነው፤ 3ኛውን ተቃወመ። እሱ ጉዝጓዝ ከጀመረ ወዲህ ሽንኩርቱን የሚያጠጣበት ቀን እንደራቀለት፣ አረሙም እንደቀነሰለት ይናገራል፤ ስለዚህ ሰው ከጉዝጓዝ እንዳይርቅ ፈራ። ያስቸገረው ምስጥ ብቻ ነው። ደረቅ ገለባ ሲያገኝ ምስጡ ከሥር ይወጣል፤ ስለዚህ ስስ አድርጎ እያነጠፈ ቶሎ ቶሎ ያገላብጠዋል።

5ኛ። ለ4ኛው የተሰጠ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ መልስ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆናቸውን አስታውሶ፣ ጣርማ በርን የወረደ ሰው ሌላ አገር እንደገባ ይወቅ ይላል። አነጋገሩ ቢሻክርም እውነቱን ነው። አንድ ዞን ውስጥ ሆነን የአንዱ ችግር ፀሐይ፣ የሌላው ችግር ውርጭ ነው።

6ኛ። እነዋሪ ከተባለችው ከተማ የጻፉ አባት ናቸው፤ ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። የእሳቸው አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ ገለባ ያለበሱት ነጭ ሽንኩርት ውሃው መውጫ አጥቶ ከሥሩ እንደበሰበሰባቸው ነገሩኝ። እነሱ ዘንድ ከጥንትም የሚሠራው አፈሩን በእጅ ከፍ ያለ መደብ አድርጎ፣ መሐል መሐሉን በቦይ ማንጣፈፍ ነው። ገለባ የሚያለብሱት ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ መሬቱ ሊሰነጠቅ ሲል ነው። ያኔ ስንጥቁ ይቀንሳል፣ እርጥበቱም ይቆያል። የኔ አፈር ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ቀይ ቡናማና ድንጋያማ መሆኑን መለስኩላቸው። ከሆነልሽስ አትቸገሪም አሉኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ አባባ።

7ኛ። ውይይቱ የተጋጋለው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ገለባ መሬት ላይ መበተንን ኃጢአት አድርጎ ነው ያየው። ገለባ የከብት ሕይወት ነው፤ የበልግ ዝናብ በቀረበት ዓመት በሬውን ያቆመው ገለባ ያስቀመጠ ሰው ብቻ እንደሆነ፣ ከተማ ተቀምጠው ለሁለት መደብ ድንች ሸክም ሙሉ የሚበትኑ ሰዎች የገለባውን ዋጋ በገበሬው ላይ እንደሚያስወድዱበት ጻፈ። እኔንም ሳያውቀኝ አጥብቆ ተናገረኝ። ሲነበብ ያማል። የሚያሳስበው ነገር ግን ባዶ አልነበረም፤ የበልግ መቅረት ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ እኔም አይቻለሁ።

8ኛ። 7ኛውን ደግፋ ጉዳዩን ወደ ማገዶ የወሰደችው እህት ናት። ገለባው ለከብት፣ እበቱ ለኩበት ከሄደ ለመሬት ምን ይቀራል ብላ ጠየቀች። ኩበቱን የምትጠፈጥፈው ራሷ ናት፤ ማገዶ በሌለበት አገር እበቱን ጓሮ ውስጥ ቅበሪ የሚላት ሰው እንጀራዋን በምን ጋግሪ እንደሚላት አብሮ እንዲነግራት ትፈልጋለች። ከሁሉም መልስ ረጅም ጊዜ የያዘኝ ይህ ነው። ስለ አፈር ለምነት የሚመክረን ሰው ሁሉ እበት የተረፈ ነገር አድርጎ ነው የሚያወራው። እኛ ዘንድ እበት አይተርፍም።

9ኛ። ለ8ኛዋ፣ ኩበቱ ቢነድም አመዱ ወደ መሬት ከተመለሰ ምንም አልጠፋም የሚል ማጽናኛ ነበር።

10ኛ። የ3ኛው ጸሐፊ ተመልሶ 9ኛውን አረመ። እበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፤ አፈርን የሚያለሰልሰው ብስባሽም አብሮ ይጠፋል። አመድ ላይ የሚቀረው ፖታሲየምና ካልሲየም ጥቂት ፎስፈረስም ጨምሮ ነው። አመድ የአፈርን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ ለጎመንና ለሽንኩርት መደብ ስስ አድርጎ መበተን ይጠቅማል፤ ድንች ላይ ግን የድንች እከክ የሚባለውን በሽታ ያባብሳል። እኔ ምድጃ በጠረግኩ ቁጥር አመዱን የምደፋው ድንቹ ላይ ነበር። ልጣጩ ለምን ሻካራ እንደሚሆን አሁን ገባኝ።

11ኛ። ባዮጋዝ ያሠራ ሰው ለ8ኛዋ መንገድ ጠቆመ። እበቱ ጉድጓድ ገብቶ ጋዙ ለማብሰያ፣ ዝቃጩ ለጓሮ ይሆናል። ነገር ግን ብርድ ሲበረታ ጋዙ እንደሚያንስበት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ወጥ ለመሥራት እንጂ ለምጣድ እንደማይበቃው በሐቅ ተናግሯል። ማሠሪያው ገንዘብም፣ በቂ ከብትም ይጠይቃል። ለሁሉም የሚሆን መፍትሔ ነው አላለም፤ ስለዚህ አመንኩት።

12ኛ። ከመንዝ ነው። አያቱ ጓይ ሲያቃጥሉ ያየውን ተረከ። ለዓመታት ያደረ መሬት ይታረስና አፈሩ ከነሥሩ በየቦታው ይከመራል፤ እበት ከሥር ገብቶ እሳት ይለኮስበታል፤ ክምሩ ለቀናት ሲጨስ ይሰነብታል። ልጅ ሆኖ ማታ ማታ ሜዳው ሙሉ ቀይ ቀይ ነጥብ ሆኖ ያየው እንደነበር ሲያስታውስ አጻጻፉ ያምራል። የተቃጠለው አፈር ተበትኖ ገብስ ሲዘራበት የመጀመሪያው ዓመት ምርት ያስደንቅ ነበር፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ መሬቱ ምንም አይሰጥም፣ እንደገና ለብዙ ዓመት ይታደራል። እሳቱ ያለውን ፎስፈረስ ለአንድ ጊዜ ለቆ፣ የአፈሩን ብስባሽ ይበላዋል። መሬት ሰፊ በነበረ ጊዜ የሚያዋጣ ጥበብ ነበር፤ ዛሬ የሚታደር መሬት የት አለና ብሎ ጨረሰ። ከተነሳንበት ርቋል፤ ግን ቢቀር ይቆጨኝ ነበር።

13ኛ። ከዚያው ከመንዝ ወግ ተነስቶ፣ ገለባ ከተወደደ የጓሳ ሣር አስመጥቶ ማንጠፍ ይሻላል የሚል ሐሳብ መጣ። ሳይበሰብስ ብዙ ይቆያል አለ።

14ኛ። የ12ኛው ጸሐፊ ተቆጣ። ጓሳ ለጣሪያ ክዳንና ለገመድ የሚታጨድ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖርበት የማኅበረሰብ ጥብቅ መሬት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል የቆየ የጋራ አስተዳደር ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እየከፈተ የጠበቀው ነው፤ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቄሮው ሲፈርስ ሣሩ ምን ያህል እንደተጎዳ፣ ማኅበረሰቡ በአዲስ ደንብ እንደገና ለማስጠበቅ ምን ያህል እንደደከመ አስታወሰ። ለጓሮ ድንች ተብሎ ከዚያ እንዳይታሰብ አስጠነቀቀ። 13ኛው ይቅርታ ጠየቀ። ሁለቱም በጎ ሰዎች ናቸው።

15ኛ። ወደ ጉዳዩ የመለሰችን ሴት ናት፤ ለ7ኛውም ለ8ኛዋም መልስ የሆነውን እሷ ሰጠች። ከብት የማይበላውን፣ እሳት የማይፈልገውን ነገር ብቻ ነው የምትጠቀመው። ዘር ሳይዝ የተነቀለ አረም፣ የጌሾ እንጨትና አሰር፣ የቡና አተላ፣ የባቄላ ልጣጭ፣ ከበግ ማደሪያ የሚጠረግ በጠጥ። በተለይ በጠጡን አመሰገነች፤ ደቃቅና ደረቅ ስለሆነ ለኩበት አይጠፈጠፍም፣ መንዝና ደብረ ብርሃን ዙሪያ ደግሞ በግ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ትኩሱን ግን ከግንዱ ሥር አታደርገውም፤ አንድ ክረምት ከምራ ካሳደረችው በኋላ ነው የምታወጣው። ከባና ሠሪዎች የሚጣለውን ቁርጥራጭ የበግ ጠጉርም ሰብስባ ጎመኗ ሥር ትወሽቃለች፤ ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ ውሃም ይይዛል። የባህር ዛፍ ቅጠልን አጥብቃ ከለከለች፤ ዘር እንዳይበቅል ያደርጋልና ለመተላለፊያ መንገድ ካልሆነ ለመደብ አይሆንም።

16ኛ። ገለባ ናይትሮጅን ስለሚመጥ ተክሉን ቢጫ ያደርጋል የሚል ማስጠንቀቂያ።

17ኛ። 16ኛውን በከፊል አረመ። ገለባ ከናይትሮጅኑ ካርቦኑ ሰማንያ እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የጎደላቸውን ከአፈሩ የሚወስዱት ግን በዋናነት ገለባው ተቆፍሮ ከአፈር ጋር ሲደባለቅ ነው። ላዩ ላይ ከተነጠፈ ጉዳቱ ትንሽ ነው። መደባለቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ኮምፖስት ያድርገው፤ ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ከ25 እስከ 30 እጥፍ እንዲሆን ደረቁን ገለባ ከእርጥብ አረምና ከእበት ጋር ያፈራርቅ። በኛ ብርድ ክምሩ ቢያንስ በየጎኑ አንድ ሜትር ካልሆነ ሙቀት አይቋጥርም፤ ውስጡ 55 ዲግሪ ካላለፈ የአረሙ ዘር አይሞትም። እርጥበቱን በእጅ ጨብጦ ማየት ነው፤ እንደተጨመቀ ጨርቅ ከሆነ ደህና ነው፣ ውሃው ጠብ ጠብ ካለ በዝቷል። እጅ የለመደው ሰው አጻጻፍ ነው።

18ኛ። ገለባው የመጣበት ማሳ ፀረ አረም የተረጨ ከሆነ እንድጠነቀቅ ነገረኝ። አንዳንዱ ፀረ አረም ገለባው ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ከብት በልቶት እንኳ በእበቱ ውስጥ ያልፋል። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ በሁለት ጣሳ አፈር አድርጎ አንዱ ላይ ገለባውን ከትፎ መጨመር፣ ሁለቱም ላይ ባቄላ መዝራት። ገለባ ያለበት ጣሳ ላይ የበቀለው ቅጠሉ ከተጠቀለለ መርዙ አለ ማለት ነው። መስኮት ላይ አስቀምጬ ሞከርኩ፤ ሁለቱም እኩል፣ ደህና ሆነው በቀሉ።

19ኛ። የ2ኛው ሰው ተመልሶ፣ የ3ኛው ትንታኔ ወረቀት ላይ የሚያምር ወሬ ነው አለ።

20ኛ። ለእሱ ክርክር አላስፈለገም፤ ከሰላ ድንጋይ የጻፈ ወጣት ያደረገውን ብቻ ተናገረ። ሁለት እኩል ጣሳ ውሃ ሞልቶ አንዱን ገለባ ላይ፣ አንዱን ባዶ መሬት ላይ ማታ አስቀመጠ። ጠዋት ገለባው ላይ ያደረው በጣት ቢገፉት የማይሰበር በረዶ ሠርቷል፤ መሬት ላይ ያደረው ስስ ቆዳ ብቻ ነው የያዘው። እኔም በማግስቱ ሞከርኩት፤ እንዳለው ሆነ። የቀዘቀዘውን ጣሳ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ፣ ድንቼ ያን ሌሊት ምን እንደደረሰበት በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ።

21ኛ። 7ኛው ሰው ተመለሰ። በ15ኛዋ ሐሳብ እንደተስማማ፣ በእኔ ላይ የተናገረው እንደበዛ ጻፈ፤ ሁለት በሬ በመኖ እጥረት ስለሸጠ ገለባ ሲበተን ማየት እንደሚከብደው ነገረን። ወንድሜ፣ ምንም አይደለም አልኩት። ከዚያም የራሱን ዘዴ አካፈለ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊያድር ሲል ቀን ላይ ገለባውን ከድንቹ ሥር ወደ ቦዩ ገፍቶ፣ አፈሩን አጠጥቶ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ቅጠሉን መሬት እስኪነካ በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ማንሳት። ነጭ ሽንኩርቱን ከነገለባው መተው።

22ኛ። የእነዋሪው አባት በመጨረሻ፣ የሞተውን ድንች ነቅዬ እንዳልጥል መከሩኝ። የጠቆረውን ግንድ አጭጄ ሁለት ሳምንት እንድታገሥ፣ ልጣጩ እስኪጠነክር እንዳልቆፍር ነገሩኝ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ትናንት ጠዋት ወጣሁ። የጎረቤቴ መሬት ከላይ ደርቆ በዶማ ነበር የምታወጣው። እኔ ገለባውን ወደ ጎን አደረግሁና ዶማውን አስቀመጥኩት፤ አፈሩ ለጣቶቼ ተከፈተልኝ። ድንቹ ትንንሽ ነው፤ ቅጠሉ ቀድሞ ስለሞተ አላደገም። ብርድ የነካው ግን አንድም አልነበረም፤ ከሥር ያወጣሁት ሁሉ እጄ ላይ ሞቅ ይል ነበር።